የዓሣ ፎቶግራፍ ለጣና ምን ይሠራል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር)



እንደሚታወቀው የባሕር ዳር ሰው ዓሣ አዋቂ ነው። አምባዛውን፣ ቀረሶውን፣ ነጭ ዓሣውን ከሩቅ እንለያለን። ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ የምናውቀው የት ነው? በገበያ፣ በመጥበሻና በሳህን ላይ ነው። ውሃው ውስጥ ሲኖር ያየው ከመካከላችን ስንት ሰው አለ? እኛም አላየንም። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ያላየነው ነገር ቢጠፋም አይቆረቁረንም። የዛሬው ንግግራችን በዚሁ ላይ ነው። ይኸውም ዓሣን በሕይወቱ፣ በውሃው ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ ማሳየት ዓሣውን ለማዳን ይረዳል የሚል ነው።

በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ሊቃውንት በጣና ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ሌላው አፈ ሰፊ ነው። 8 ያህሉ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ። ይኼ ደግሞ ያስገርማል፤ ምክንያቱም የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውንም ንጹሕ ጠጠር ላይ፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም እዚያው ይጠብቃቸዋል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃውን የሚመርዝም አለ። ነሐሴ ላይ እንቁላል የሞላ ዓሣ ገበያ ሲወጣ እኛም ደስ ብሎን ስንገዛ ኖረናል። ጥፋቱ የዓሣ አስጋሪው ብቻ አይደለም፤ የገዢውም ነው።

ጉዳቱ በቁጥር ታውቋል። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በፊሊፒንስ አገር ላናው የሚባል ሐይቅ አለ፤ እሱም እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ 17 የዓሣ ዓይነቶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ17ቱ 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸው ለዓለም ተነገረ። እንግዲህ የሐይቅ ዓሣ አያልቅም የሚለው አባባል ውሸት ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንመለስ። ሚሼል ሮጎ የተባለ የስዊዘርላንድ ፎቶግራፍ አንሺ በወንዝና በሐይቅ ሥራ የታወቀ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ራሱ አይጠልቅም፤ ካሜራውን ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ከቶ፣ በረጅም ዘንግ አውርዶ፣ ከዳር ሆኖ ያነሣል። የጣና ውሃ ግን ወንዞቹ በሚያመጡት አፈር ደፍርሷል፤ ካሜራው ከክንድ ርቀት በላይ የሚያየው ጭጋግ ነው። ብርሃን ቢበራለትም እያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ለዚህም መላ አለ። ጠባብ የመስታወት ሣጥን አሠርቶ፣ የተጣራ የሐይቅ ውሃ ሞልቶ፣ ዓሣውን ለጥቂት ደቂቃ አስገብቶ አንሥቶ መልሶ መልቀቅ ነው። እጅ በውሃ መራስ አለበት፤ የዓሣው ልባጭ እንዳይነሣ። ሊወልድ የሚወጣውን ዓሣ መንካት ክልክል ይሁን። የሚሰበሰቡበትን ቦታ ፎቶግራፉ ላይ አንጻፍ፤ መረብ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። በመስታወት ሣጥን የተነሣውንም «በሣጥን የተነሣ» ብለን በግልጽ እንጻፍ፤ ሕዝብ አይታለል።

አንድ ጎረቤታችን፣ «ፎቶግራፍ ልጅ ያበላል ወይ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ፎቶግራፍ ብቻውን አያበላም፤ መረብም አያነሣም። ነገር ግን ያ ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ሽቅብ ሲታገል ያየ ሰው በነሐሴ ሲገዛ እጁ ይያዛል። ገዢ ሲቀንስ የወንዝ አፉ መረብም ይቀንሳል። ዓሣው ዘንድሮ ቢወልድ ለከርሞ የሚያበላው አስጋሪውን ራሱን ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

1ኛ/ ካሜራ ያላቸው የሰፈራችን ወጣቶች ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ሆነው፣ የሚመለከተውን ቢሮ አስፈቅደው ሥራውን ይጀምሩ።

2ኛ/ ፎቶግራፎቹ ከነስማቸውና ከነመውለጃ ወራቸው በማኅበሩ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤትና በዓሣ ገበያ ይሰቀሉ።

3ኛ/ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ ላለመግዛት በየቤታችን ቃል እንግባ።

ልጆቻችን ነጭ ዓሣን በፎቶግራፍ ብቻ እንዳያውቁት፣ ዛሬ በፎቶግራፍ እናሳያቸው። አደራ።



የማኅበሩ ጸሐፊ