ከተበላ እስከ አባያ ዳር
(ስለ ቆላ መንደሮች ሐዋርያዊ ጉዞ ለካህናት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የሑምቦ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ተበላን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ለሻይ የምትቆሙባት ሥፍራ አድርጋችሁ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ግን ሌላ አገር ይገጥመዋል። የደጋው እንሰት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በቆሎና ግራር፣ ወባና የውኃ ጥም ይጀምራል። በዚያ ያገኘናቸው ምእመናን ካህን የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሞትባቸው ነው።

ከጥምቀት በዓል በኋላ አንድ ቄስ፣ ሁለት ዘማርያንና እኔ ወደዚያ ወረድን። መኪናው እስከሚደርስበት ሄደን ቀሪውን በእግር ተጓዝን። ስለ መንገዱ ድካም ብዙ አልናገርም፤ ልነግራችሁ የምሻው እኔ ያጠፋሁትን ነው።

ሕዝቡ በአንድ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። እኔም በትምህርት ቤት የተማርሁትን ምሥጢረ ሥጋዌ በአማርኛ፣ ጥቅሱን በግእዝ እየጠራሁ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አስተማርሁ። በመካከሉ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ቅር አለኝ። ኋላ አንድ አረጋዊ በወላይትኛ የተናገሩትን ወጣቱ ዘማሪ ተረጐመልኝ፦ «ልጄ፣ ሴቶቹ የሄዱት ቃሉን ንቀው አይደለም። ፀሐዩ ሳይበረታ ውኃ መቅዳት አለባቸው። ደግሞም ከተናገርኸው ሁሉ እኛ ለይተን የሰማነው የእመቤታችንን ስም ብቻ ነው።»

ወላይታ ለወንጌል አዲስ አገር አይደለም። ገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደሚነግረን ጻድቁ አባታችን በዳሞት ምድር አስተምረው ንጉሡን ሞተሎሚን አሳምነዋል፤ የወላይታ አፈ ታሪክም ሞተሎሚን ከነገሥታቱ ይቆጥረዋል። በ1887 ዓ.ም. ግን የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ካዎ ጦናን ድል ነሥቶ አገሩን ሲይዝ፣ መቅደሱ ከሠራዊቱ ሰፈር ጋር አብሮ ተተከለ። አባቶች ያነጹትን አላቃልልም። ነገር ግን ገባሩ ካህኑን ከባለ ጉልቱ ለይቶ ማየት እንዴት ይቻለው ነበር?

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1928 እ.ኤ.አ. ወደ ሶዶ መጡ። ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ሲያስወጣቸው በወላይታ ያጠመቋቸው 48 ያህል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ያህል አማኞች እንዳገኙ ራሳቸው ጽፈዋል። ይህን የምጠቅሰው በትምህርተ ሃይማኖት ከእነርሱ ጋር ተስማምቼ አይደለም። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ያስተማሩት ነጮቹ አልነበሩም። የወላይታ ገበሬዎች ነበሩ፤ በገዛ ቋንቋቸው አስተማሩ፤ ኋላም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተሻገሩ። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው ቅይጥ ቋንቋ የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ የሶዶ ሕዝብ እንዴት እንደተነሣ የምታስታውሱም እዚህ አላችሁ። ቋንቋ በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ውኃው ደግሞ ልናገር። ከጉዞው ስንመለስ «ቦኖው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይሁን፤ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ቃሉን ይሰማል» የሚል ሐሳብ በመካከላችን ተነሥቶ ነበር። ከቅንነት የመነጨ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን ተቃወምሁት፤ ዛሬም እቃወመዋለሁ። የመንደሩ ነዋሪዎች አብዛኞቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው። ጀሪካን ተሸክማ የመጣች እናት በሃይማኖቷ እንድትሳቀቅ ማድረግ አይገባንም። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄና የረድኤት ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም ርዳታ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይላል። እኛ ግን ከደንቡ በፊት የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ አለን፤ የቆሰለውን ሰው ዘሩንና እምነቱን ሳይጠይቅ ነው ቍስሉን ያሰረለት። ቦኖው ለሁሉም በሚቀርበው መንገድ ዳር ይሁን።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ዳግመኛ ስንሄድ ሥርዓታችንን ለወጥን። ማለዳ ሴቶቹን ተከትለን ወደ ወንዙ ወረድን፤ እኔም አንድ ጀሪካን ተሸከምሁ። 20 ሊትር ዳገት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ቢሮ ተቀምጦ ሰንጠረዥ የሚሞላ ሰው አያውቀውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው ሲቀልል፣ ወጣቱ ዘማሪ በወላይትኛ አስተማረ፤ እኔ ተቀምጬ አዳመጥሁ። ልጁ ገና ዲያቆን አይደለም፤ ዜማም ጥቂት ይስታል። ነገር ግን እግዚአብሔርን «ጦሳ» ብሎ እየጠራ ሲናገር ከሴቶቹ አንዲትም አልተነሣችም። እንዲያውም አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳዘለች ጥያቄ ጠየቀችው። በመጀመሪያው ጉዞ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከጉባኤው አንድ ነገር እለምናለሁ። በመጪው ዓመት በጀት፣ ከመኪናው ነዳጅ ተቀንሶም ቢሆን፣ ከቆላው የሚመጡ ሁለት ወላይትኛ ተናጋሪ ልጆች የአብነት ትምህርት የሚማሩበት ቀለብ ይያዝልን። አንዱን አሁን ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ጉዟችን ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ አያስኬድም። አረጋዊው አባት ያን ጊዜ መልሳችንን እንደሚጠብቁ ነግረውኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።