የተሰረዘው ዕዳ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዘንድሮ ስለ መዳን እንድንናገር ተጠይቀናል። ሰው የሚድነው በጸጋ ነው፣ በእምነት ነው ወይስ በመታዘዝ? ርእሱ ሲነገረን ደነገጥን። እኛ እንጀራ የምንጋግር፣ ጉሊት የምንቸረችር፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተን የምንሸጥ ሴቶች ነን። በመካከላችን ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም አለ፤ ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ቡናው ይቀዘቅዛል። አንዷ የኤፌሶንን መልእክት ምዕራፍ 2 ትጠቅሳለች፣ ሌላዋ የያዕቆብን ምዕራፍ 2፤ ሦስተኛዋ «ስኒውን አቀብሉኝ» ብላ ትገላግለናለች። ሙስሊም እህቶቻችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስለምትሰሙን እናመሰግናችኋለን።

ስለዚህ በምናውቀው እንጀምር። የምናውቀው ብድር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን ለምጣድና ለጤፍ መግዣ ከሳጥናችን 6,000 ብር ተበደረች። 1,400 ብር እንደ መለሰች ባሏ ታመመ፤ ምጣዱም ጤፉም ለመድኃኒት ተሸጠ። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ቀረች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋች። ገበያ ላይ ስታየን መንገድ ትቀይር ነበር። እኛም እውነቱን ለመናገር ስሟ ሲነሣ ደግ ቃል አልወጣንም።

የባሏ ሕመም እንደ ጸና ስንሰማ ግን «ይሰረዝላት» የሚል ሐሳብ መጣ። ብዙዎቻችን እጃችንን አወጣን። ያን ጊዜ ገንዘብ ያዣችን ተነሥታ «እኔ በመዝገቡ ላይ መስመር ባሰምር ሳጥኑ ውስጥ 4,600 ብር ይገባል ወይ?» አለች። ዝም አልን። የተበደረችው የእኛኑ ቁጠባ ነው። ዕዳ ሲሰረዝ ገንዘቡ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚሸከመው ሰው ይለወጣል እንጂ። ከእሷ በቀር 23 ነን፤ ለእያንዳንዳችን 200 ብር ደረሰን። መጀመሪያ ያስቀመጠችው ከሙስሊም እህቶቻችን አንዷ ናት፤ ይህንንም ሳንናገር ማለፍ አንወድም።

ጸጋ የሚባለው ነገር የገባን እዚያ ላይ ነው። ለተቀባዩ በነጻ ነው፤ ለሰጪው ግን ዋጋ አለው። ክርስቲያኖች ስለ መስቀሉ ስንናገር የምንለው ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔር በደላችንን እንዳላየ አልፎ አልተወውም፣ ራሱ ተሸከመው። በአማርኛችን ጌታ ባስተማረው ጸሎት «በደል» የምንለው በማቴዎስ ወንጌል ግሪክኛ «ዕዳ» የሚል ቃል ነው። ይህን ያስረዱን አንድ የሃይማኖት አባት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ጸሎት ስንጸልይ መዝገባችን በዓይናችን ይመጣል።

ከእኛ ሁለቱ ሄደው ነገሯት። አላመነችም። «ልታስይዙኝ ነው» ብላ በሩን ዘጋች። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በመዝገቡ ላይ ምንም ዕዳ የለባትም፤ እሷ ግን አሁንም መንገድ ትቀይር ነበር፣ አሁንም እንቅልፍ አልነበራትም። ይህን ነገር ደጋግመን አስበንበታል። ዕዳውን የሰረዘው የእሷ ማመን አይደለም፤ እሷ ሳትሰማ ተሰርዟል። ሳታምን ግን ስረዛው ምንም አልጠቀማትም። እምነት ክፍያ አይደለም፤ የተዘረጋውን የሚቀበል እጅ ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠችና መዝገቡን ልይ አለች። ማንበብ አትችልም፤ ገጿን ግን በአሻራዋ ታውቀዋለች። መስመሩን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ማንም ምንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍረናል። ከእኛ አንዳንዶቹ «ከተሰረዘላት አይቀር በየቅዳሜው ቤቱን ትጥረግልን» አልን። ስጦታውን በጓሮ በር ወደ ብድር ልንመልሰው ነበር። እኛ ሰዎች በነጻ የተሰጠን ነገር ይከብደናል፤ በነጻ የሰጠነው ደግሞ ይቆጨናል። ሌላም ጥፋት ነበረ፤ «ጸጋ ከሆነማ ሳምንታዊ ቁጠባውም ይቅርላት» የሚል። ይህ ደግሞ ከዕዳዋ ጋር ከአባልነቷም መሰረዝ ነው። እሷ ራሷ ሁለቱንም አልፈለገችም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደማንኛችንም 20 ብሯን ይዛ መጣች። ያ 20 ብር ለድሮው ዕዳ አልገባም፤ በስሟ ተቆጠበ። መታዘዝን ከዚህ የተሻለ የምናስረዳበት መንገድ የለንም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ለፈሪሳዊው ስምዖን የነገረው ምሳሌም የብድር ነው። አንዱ 500 ዲናር፣ ሌላው 50 ዲናር ነበረበት፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበረ። 50 የነበረበትም መክፈል አለመቻሉን ልብ በሉ። ሽቶ ይዛ የመጣችው ሴት እንባ ዋጋ መክፈያ አልነበረም፤ ብዙ የተተወላት ሴት ፍቅር ነበረ።

ወደ ቡናው ክርክራችን እንመለስ። ጳውሎስም ያዕቆብም አብርሃምን ይጠቅሳሉ፤ ግን ከተለያየ ዘመኑ ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክት የሚያነሣው ዘር እንደሚሰጠው በሰማ ጊዜ ማመኑን ነው፤ ያን ጊዜ እስማኤል እንኳ አልተወለደም። ያዕቆብ የሚያነሣው ይስሐቅን ለመሥዋዕት ማቅረቡን ነው። ይስሐቅ የተወለደው አብርሃም 100 ዓመት ሲሆነው፣ እስማኤል ደግሞ 86 ሲሆነው ነውና በሁለቱ መካከል ከ14 ዓመት በላይ አለ። አንዱ ዕዳው የተሰረዘበትን ቅዳሜ ያያል፤ ሌላው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቅዳሜዎች። ካቶሊኮችና ሉተራውያን ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሲወጋገዙ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን አገር በአውግስበርግ ከተማ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ኦርቶዶክስ እህቶቻችን ጥምቀትና ቁርባን ከዚህ ሊነጠሉ አይችሉም ይላሉ፤ ያንን ዛሬ አንፈታውም።

እኛን አሁን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሌላ እህታችን ብድሯን ካቋረጠች አምስት ወር ሆኗታል። ባሏ አልታመመም፣ ምጣዷም አለ። «ለእሷ ከሰረዛችሁ ለእኔስ?» ትላለች። ግማሾቻችን ምሕረት ልክ የለውም እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ይህ ምሕረትን መጫወቻ ማድረግ ነው እንላለን። የመጀመሪያዋ እህታችን ምን ታስቢያለሽ ብንላት «መጀመሪያ ቤቷ ሄዳችሁ እዩአት» ብቻ አለች። እስካሁን ማንም አልሄደም።

ጉዳዩ በሚመጣው ቅዳሜ በ9 ሰዓት ይታያል። ከዚያ በፊት ቤቷ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን፤ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ።