ራምቦ ያልኖረበት የራምቦ ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርለት የመረጥነው፥ በከተማችን በሐረር ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጠራው የእንጨት ቤት ነው።

አርቱር ራምቦ የታወቀ የፈረንሳይ ባለቅኔ ነበር። ቅኔውን ትቶ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር ገባ። በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ በቃሬዛ ተሸክመውት ወጣ፤ በ1884 ዓ.ም. መጀመሪያም በማርሴይ ከተማ ሞተ። ቤቱ የተሠራው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ባለቅኔው በዚህ ቤት ደረጃ አልወጣም፥ በመስኮቱም አልተመለከተም።

ታዲያ የማን ቤት ነው? ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ብዙ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማይቱ መጡ። ቤቱን ለመኖሪያው ያሠራው ከነዚህ አንዱ ነው።

ነባሩ የሐረሪ ቤት፥ ጌ ጋር የሚባለው፥ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን ጣራው ጠፍጣፋ ነው። ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል። በውስጡ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ሰውም እንደ ማዕረጉ ይቀመጥባቸዋል። የሕንዶቹ ቤት ግን ፎቅና በረንዳ አለው፤ መንገዱንም ይመለከታል። የራምቦ ቤት ፊቱ በተቀረጸ እንጨት አጊጧል፤ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስተዋት ናቸው፤ ኮርኒሱም ሥዕል አለበት። ከላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከተማይቱ ከፊቱ ትዘረጋለች።

የባለቅኔው ስም ቤቱን እንደ ጠቀመው አንክድም። ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ የቀድሞዋን ሐረር ፎቶግራፎች ያሳያል። ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን እንጨቱን የጠረበውን አናጢና ገንዘቡን ያወጣውን ነጋዴ ስንቶቻችን እናነሣለን? ታላቅ ስም የሌላቸው የእንጨት ቤቶችስ ማን ይደርስላቸዋል? ምስጥና ዝናብ የባለቤቱን ስም አይጠይቁም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ ምሰሶውን ማን አቆመው? በሩን ማን ሠራው? መልሱንም በአንድ ገጽ ጽፈን ለቤተ መጻሕፍታችን እንስጥ። ወላጆቻችንም እንዲነግሩን በትሕትና እንለምናለን፤ የሚያውቁት ሳሉ ካልጠየቅን፥ የገዛ ቤታችንም በሌላ ሰው ስም ሊጠራ ይችላልና።