«ፊኛዋን ምን ልታደርጉት ነው?»

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ደረት ሳይከፈት ልብን ስለ ማከም ተናገሪ ስባል ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። ግማሻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ይልቅ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ውኃ ቀድታ ዳገቷን መውጣት አቅቷታል። በልጅነቷ የያዛት የሩማቲክ ትኩሳት ሚትራል ቫልቯን አጣብቆታል። ቫልቩ ካልሲየም አልያዘም፣ ብዙም አያፈስም፣ ልቧ ውስጥ የረጋ ደም የለም፤ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1982 እ.ኤ.አ. ለጀመረው የባሉን ሕክምና የተመቸ ነው። እኔም በኩራት «ደረትሽ አይከፈትም፤ በብሽሽትሽ ገብተን በፊኛ እንከፍተዋለን» አልኳት።

አባትየው ዝም ብለው ቆዩና «ዶክተር፣ እኛ ያመጣናት ልቧን አሟት ነው። ፊኛዋን ምን ልታደርጉት ነው?» አሉኝ።

ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው። ፊኛ በእኛ ቋንቋ የሽንቱም ስም ነው እኮ! ብሽሽትና ፊኛ አንድ ላይ ከተጠሩ ሌላ ምን ያስቡ? ተነስተው ሄዱ። ልጅቷ የተመለሰችው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ በመሐል አግብታ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ጋደም ማለት አቅቷት ቁጭ ብላ እያደረች።

ያኔ ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው። ከብሽሽቷ ደም መላሽ ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል። ቀኝና ግራውን የልብ ክፍል የሚለየውን ስስ ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ጫፉ ላይ ያለችው ከረጢት በተጣበቀው በር መሐል ለጥቂት ሰከንድ ትነፋለች፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። ከረጢቷ ተመልሳ ትወጣለች፣ ውስጧ የሚቀር ነገር የለም። አደጋውንም አልደበቅኩም፤ በሩ ከተቀደደ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሆዷን ከጨረር እንከልላለን።

«ትነቃለች?» አሉ አባትየው። «አትተኛም፤ ብሽሽቷን ብቻ ነው የምናደነዝዘው» አልኳቸው። ፈረሙ።

በዚያው ሌሊት ተጋድማ ተኛች። ወሯ ሲደርስም በሰላም ተገላገለች።

ግን ሌላ ስሕተት ልሠራ ምንም አልቀረኝም ነበር። «ዳንሽ» ልላት ስል አንዲት ነርሳችን «ፔኒሲሊኗስ?» አለችኝ። ባሉኑ በሩን ይከፍታል እንጂ በሽታው እንዳያገረሽ አይከላከልም፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው መርፌ ለዓመታት ይቀጥላል። ይህን ሳልነግራት ብትሄድ ኖሮ መርፌውን ማቆሟ አይቀርም ነበር።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። በመጨረሻው ዓመት የቃል ፈተና ላይ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በታካሚው ቋንቋ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፤ «ይህን ለአባቷ አስረዳ» የሚል።