ከሰገራ ጋር ደም ሲታይ

የዛሬው ርዕሳችን በሰው ፊት ለማንሳት ያሳፍራል። መርፌ ሊወጉ ከሚመጡ እናቶች አንዳንዶቹ ግን ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆም ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁናል፦ «ከሰገራዬ ጋር ደም አየሁ፤ መርፌው ይሆን?»

አይደለም። መርፌውም ሆነ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፑ የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል፤ ያ ደም ግን ከማኅፀን የሚመጣ ነው። ከየት እንደሆነ ካልለያችሁ ፊትና ኋላን በተለያየ ሶፍት ጠርጋችሁ እዩ። ከኋላ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነውና መከላከያውን አታቋርጡ።

ደማቅ ቀይ ደም ሰገራው ላይ ሲታይ ወይም ከተጸዳዱ በኋላ ጠብ ጠብ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። ሁለቱም በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ይበዛሉ፤ የሆድ ድርቀት ያባብሳቸዋል። ስንጥቁ ሲጸዳዱ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ኪንታሮት ግን ብዙ ጊዜ ሳያም ይደማል። ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ጎመንና ፍራፍሬ መመገብ፣ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ ይረዳል።

ችግሩ፣ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለራስ ስም መስጠት እጅግ ቀላል መሆኑ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲሁ ይደማል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ የሰገራው ልማድ የተለወጠበት ሰው ሳይመረመር አይቀመጥ። ሳይመረመሩ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዶ ማስቆረጥማ ጨርሶ አይታሰብ።

ደሙ ከንፍጥ፣ ከቁርጠትና ከተቅማጥ ጋር ከሆነ ተቅማጡን ያመጣው ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ ወይም አሜባ ሊሆን ይችላል። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ሺጌላ ነው፤ መድኃኒቱም ከአሜባው ይለያል። ስለዚህ «አሜባ ነው» ብላችሁ ክኒን ከመግዛት በዚያው ቀን ልጁን አምጡት። ጡት አታስጥሉት፤ ኦ.አር.ኤስ. በጥብጣችሁ እየሰጣችሁ ኑ። ሕፃኑ እየቆየ በድንገት የሚጮህ፣ የሚያስመልስና እንደ ቀይ ማርመላታ ያለ ሰገራ የሚያወጣ ከሆነ ግን አንጀቱ ተጣጥፎ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ለኖረ ሰው ቢልሃርዝያም ይታሰባል።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ሰገራ ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት የሚፈስ ደም ምልክት ነው። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ አስፕሪን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚያዘወትር ሰው ይጠንቀቅ። ማዞርና ራስን መሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። በሌላ በኩል ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒን ሰገራን ያጠቁራል። በአንዳንድ የወሊድ መከላከያ ክኒን ማሸጊያ መጨረሻ ላይ ያሉት 7 ቡናማ ፍሬዎችም ብረት ናቸው። ይህ አያስደነግጥ፤ ሬንጅ መሰል ከሆነ ግን ንገሩን።

ለምርመራ ስትመጡ ሰገራውን ሽንት ሳይቀላቀልበት በንጹሕ ዕቃ ያዙ። አሜባ ቶሎ ስለሚሞት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ቢደርስ ይመረጣል። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ዕቃውን እዚሁ ተቀብላችሁ በግቢው መጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ።