ከቅርፊት የተሠራው ፋሻ
(ለአባላት በተዘጋጀ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር)



በእርዳታ ሣጥናችን ውስጥ ስላለው ደም ማቆሚያ ፋሻ ከአባሎቻችን ጥያቄ ተነሥቷል። «ከሽሪምፕ ቅርፊት ነው የሚሠራው አሉ፤ የማንበላውን ነገር እንዴት ቁስላችን ላይ እናደርጋለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት።

የሽሪምፕንና የሸርጣንን ቅርፊት የሚያጠነክረው ካይቲን የሚባል ነገር ነው። ፋብሪካዎች ከምግብ የተረፈውን ቅርፊት በአሲድና በኮስቲክ ሶዳ ያጣሩታል። ሳሙና የምንሠራ አባላት ኮስቲክ ሶዳን እናውቀዋለን። ካይቲኑ እንደገና በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ካይቶሳን ይሆናል። የካይቶሳን ጠባይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ወደ ራሱ መሳብ ነው። ደሙ ይጣበቅበትና እንደ ውታፍ የቁስሉን አፍ ይደፍነዋል። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለውን ፋሻ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቅዶ፣ ወታደሮቹ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ ተጠቅመውበታል።

ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንደማይበላ ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ተምረን ያደግን ብዙዎች ነን። ይህ ግን ለማዕድ የሚቀርብ ሳይሆን ከላይ የሚደረግ መድኃኒት ነው። ኅሊናዋን የሚከብዳት እህት ብትኖር ደም ሳይፈስ፣ ዛሬውኑ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። ማንም አያስገድዳትም። ሽሪምፕ አለርጂ የሚሆንባትም አስቀድማ ለጤና ባለሙያ ትንገር።

ዋናው ነገር ግን ፋሻው ብቻውን ደም አያቆምም፤ የሚያቆመው እጃችን ነው። በካይቶሳን ፋሻም ይሁን በንጹሕ ጎዝ ወይም ነጠላ፣ ቁስሉን አጥብቀን እንጫን። በየደቂቃው እያነሣን አንይ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ እንቆይ። ከራሰ በላዩ ሌላ እንጨምር። ደሙ እየፈነጠቀ ከሆነ ወይም አልቆም ካለ፣ አንዷ ስትጫን ሌላዋ አምቡላንስ ትጥራ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ አፈር ቁስል ላይ አናድርግ፤ ቁስሉን ያመረቅዛል። የባሕር ቅርፊት ወቅጦ መነስነስም መድኃኒት አይሆንም።

ደጋፊዎቻችንን የምንለምነውም ይህንኑ ነው። የካይቶሳን ፋሻ ከተራው ጎዝ ይወደዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በየሥራ ቦታችን ጎዝና ጓንት ይሟላልን፤ እጃችንም ደጋግሞ ይሠልጥን። ቢላዋና መቀስ ይዘን የምንውል ሴቶች ነንና ለእርስ በርሳችን ቀድመን የምንደርሰው እኛው ነን።