ወይን መጥመቂያና ጠጅ ቤት፤ በላስታ ሳይጎበኝ ስለሚቀር ሥራ



በኢጣልያ ተማሪዎች ለአንድ ቀን ወደ ገጠር ወጥተው ወይን መጥመቂያ መጎብኘታቸው የተለመደ ነው። ሐረጉን፣ መጭመቂያውን፣ በርሜል የተደረደረበትን ምድር ቤት ተመልክተው ማታ ይመለሳሉ። ቀኑ አንድ ቢሆንም ሥራው ሙሉ ሆኖ የሚታየው የዘንድሮው፣ የአምናውና የካቻምናው ወይን ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ነው።

ወደ ላሊበላ የሚመጡ የእኛ ተማሪዎች ግን ጋሸና ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ከገቡ በኋላ ቀኑን ሙሉ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲዞሩ ይውላሉ። መዋላቸውም ተገቢ ነው፤ ዝናቡን ከአለቱ የሚያሸሹት ቦዮች ብቻ እንኳ ለአንድ መሐንዲስ ብዙ ትምህርት አላቸው። ጠጅ ቤት የሚገባው ሲመሽ፣ ድካም ለማውጣት ነው። ስለዚህ ብርሌው ይነሣል እንጂ ጋኑ አይታይም። ንጉሡ ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙም ከዚያ እንደ ወጣ ትውፊቱ በሚተርክባት ከተማ ይህ መሆኑ ያስገርማል።

የወይን ፍሬ ስኳሩንም፣ ውሃውንም፣ ኮምጣጣነቱንም ይዞ ይመጣል። ማር እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ ሃያ እጅ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ እርሾ ሊሠራበት አይችልም፤ ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠጅ የምትጥለው ሴት አንዱን እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ስትበጠብጥ ይህን እገዳ ማንሣቷ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፤ በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ወደ 800 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ፤ በሦስት ሊትር ውሃ ሲበጠበጥና ሁሉም ሲብላላ እስከ 12 በመቶ ገደማ አልኮል ይሰጣል። የጌሾው እንጨት ምሬት ከመስጠቱ በላይ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ይገታል። የጋኑ አፍ በጨርቅ የሚሸፈነው፣ ፈጽሞ የማይታሸገው፣ የሚወጣው አየር መውጫ እንዲያገኝ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር በሚደርስ አገር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ መብላላቱ ይዘገያል፤ ባለሙያዋም ቀኑን የምትቆጥረው እንደ ወቅቱ ነው። ቴርሞሜትር የላትም፤ እጇን ከጋኑ ላይ ታሳርፋለች።

በዚያው ከተማ ሌላም ወይን አለ፤ ለቅዳሴ በቤተ ልሔም ከዘቢብ የሚዘጋጀው። እርሱ ግን የካህናት ሥራ እንጂ የጎብኚ አይደለምና ይለፍ።

ትልቁ ችግር ስኳር ነው። የማር ዋጋ ሲወደድ አንዳንዱ ነጋዴ የማሩን ቦታ በስኳር ይተካል፤ ጠጪውም በምላሱ አይለየውም። የፈሳሽን ክብደት የሚለካው መሣሪያም አይረዳም፤ ስኳር መኖሩን እንጂ ከየት እንደ መጣ አይናገርምና። የሸንኮራ አገዳና የአብዛኛዎቹ አበቦች ካርቦን የተለያየ ስለ ሆነ ልዩነቱ በላቦራቶሪ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ምርመራ ከጠጅ ቤት ደጃፍ አይደርስም። ጉዳቱ የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት የሚገኘው ማር ከአምስት ወይም ከስድስት ኪሎ ብዙ አይበልጥም። ያችም ገዢ ካጣች ቀፎውን ማን ይሰቅላል? በዚህ ላይ የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላሊበላ የደረሰው ጦርነት እንግዳውን አራቁት፤ እንግዳው ሲርቅ ጠጅ ጣዩዋም አናቢውም አብረው ተጎዱ።

የቶስካና መስፍን የኪያንቲን ወይን አገር በአዋጅ የከለለው በ1716 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያ ስም የሚሸጠው ወይን ከየት እንደሚመጣ ከዚያ ወዲህ ወሰን ተበጅቶለታል። የላስታን ማር ከሌላው የሚለይ ልኬት ግን ገና በተማሪ ደብተር ላይ እንኳ በሚገባ አልሰፈረም።

ለዚህ ሥራ ደግሞ የአንድ ቀን ጉብኝት አያንስም። ደኅና ጠጅ ጣይ ዘንድ ጋኖቹ በአንድ ቀን አይጣሉም፤ አንዱ ሦስተኛ ቀኑን፣ ሌላው ሳምንቱን፣ ሌላው ሃያኛ ቀኑን ይዞ ይቆማል። ተማሪው ቴርሞሜትርና የፈሳሽ መለኪያ ይዞ፣ ከሁሉም በፊት የቤቱን እመቤት አስፈቅዶ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቢገባ ሁሉንም በተራ መለካት ይችላል። የሦስተኛው ቀን ጋን ጆሮ ሲያስጠጉበት ይሰማል፤ የሃያኛው ግን ዝም ብሏል።